«መስኮቱ አምሯል፣ አያቴ ግን የለችም!»

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጀለሳችን ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከች አለ። ዕድሜው ከ25 አይበልጥም። ሁልጊዜ የሚስቀው ልጅ ያን ቀን ፊቱ ጭር ብሏል። ማኪያቶው እንኳ ሳይመጣለት «እስቲ ይችን እያት» ብሎ የካሜራውን እስክሪን ወደ እኔ አዞረው።

አየሁ። መስኮት ነው። ሲያምር! ከመስኮቱ ባሻገር ባሕር ዛፍ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ ጥርት ያለ ሰማይ፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያለው ዝገት ሳይቀር ይቆጠራል። ከመስኮቱ በዚህ በኩል፣ መሐል ላይ፣ አንድ ጥቁር ነገር ቁጭ ብሏል። ጠጋ ብዬ ሳየው ጀበና ይመስላል። ጀበናውን የያዘው እጅም ጥቁር ነው። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ነጠላ የለ።

«ማን ናት?»

«አያቴ ናት። መስኮቱ አምሯል፣ አያቴ ግን የለችም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አያትየው የፋሲካ ሰሞን ከደብረ ብርሃን የልጅ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ልጁ ያኔ ካሜራውን ከገዛ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ፣ በስንት ወር ቁጠባ። እሳቸው ቡና ሲያፈሉ «እምዬ፣ እስቲ ወደዚህ እዪ» እያለ አርባ ፎቶ አነሳቸው። ፍላሹን «ዓይኔን ይወጋኛል፣ አጥፋልኝ» ስላሉት አጠፋው። ፎቶዎቹ መጨለማቸውን እዚያው አይቷል። ግን «ችግር የለም፣ ኋላ ኮምፒዩተር ላይ ይስተካከላል» ብሎ ተወው። እሳቸውም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሰኔ ላይ መርዶ መጣ።

መቼም የእኛ አገር ለቅሶ ያለ ፎቶ አይሆንም። ድንኳኑ ውስጥ የሟች ፎቶ በፍሬም ይቀመጣል፤ ለቀስተኛው ገብቶ እሱን እያየ ነው የሚያነባው። ቤተሰቡም «ያ ልጅ ለፋሲካ አንስቷት የለም እንዴ!» አለ። አርባውም ተከፈተ። አርባ መስኮት! በመጨረሻ የተገኘችው የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ የተለጠፈችው ጉርድ ፎቶ ነበረች፤ እሷኑ አሳደጓትና ፍሬም ውስጥ ገባች። የማኅተሙ ግማሽ ግን ጉንጫቸው ላይ ነው። «አያቴን ማኅተም እንደተመታባት ሸኘናት» አለኝ ልጁ።

ቀጠለና «ካሜራው ቀሽም ስለሆነ ነው አይደል? ሌላ ልግዛ?» ሲል ጠየቀኝ።

አይደለም። ካሜራው ጤነኛ ነው። የተሠራበትን ሥራ በትክክል ሠርቷል፤ ጣጣውም እሱ ነው። ይህን ጣጣ ከዚህ ልጅ በቀር የማያውቀው ቢኖር ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ግን እስቲ እናንተም ሞባይላችሁንና ካሜራችሁን ክፈቱና ቁጠሩ፤ ስንት ጥላ አላችሁ?

ሁሉን በአንድ ልክ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ

ካሜራ ውስጥ ብርሃን የሚለካ ነገር አለ። ይኼ መለኪያ አያት አያውቅ፣ መስኮት አያውቅ፣ ሙሽራ አያውቅ። የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓለም በአማካይ ግራጫ ናት ብሎ ያምናል። የሙያው ሰዎች «18 በመቶ ግራጫ» ይሉታል፤ ካረፈበት ብርሃን 18 በመቶውን መልሶ የሚያንጸባርቅ ቀለም ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ እምነቱ ያዋጣዋል። ሣሩ፣ አስፋልቱ፣ የድንጋይ አጥሩ ሲደማመር አማካዩ እዚያው አካባቢ ስለሚውል ፎቶው ደህና ይወጣል። ወጣ ያለ ነገር ሲገጥመው ግን ሰውየው ወፍራም ይሁን ቀጭን በለመደው ልክ ቆርጦ እንደሚሰፋ ልብስ ሰፊ ይሆናል።

ካላመናችሁ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት። ነጭ ወረቀት ፎቶውን ሞልቶ እስኪታይ ድረስ ተጠግታችሁ አንሱ። ቀጥሎ ጥቁር ኮት እንደዚሁ ሞልታችሁ አንሱ። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ ትስቃላችሁ፤ ነጩም ግራጫ፣ ጥቁሩም ግራጫ! ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ ያነሳችሁት ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ቤት ገብታችሁ ስታዩት ሳሙና ያላየ ነጠላ የለበሰ የሚመስለው ለዚህ ነው። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ «ኧረ ብርሃኑ በዛ!» ብሎ ይቀንሰዋል።

የአያትየውም ነገር ይኸው ነው። ከቤት ውጪ ያለው ብርሃን ቤት ውስጥ ካለው ሃምሳ እጥፍም መቶ እጥፍም ሊበልጥ ይችላል። የእኛ ዓይን ብልጥ ስለሆነ አንዴ መስኮቱን፣ አንዴ ፊቱን እያየ ለየብቻ ያስተካክላል፤ አእምሯችን ደግሞ ሁለቱን ያስማማልናል። ልጁም እኮ አያቱ በደንብ ይታዩት ነበር! ካሜራው ግን በአንዲት ቅጽበት አንድ ምርጫ ብቻ ነው ያለው። ሰፊውና ብሩሁ መስኮት ስለሆነ መስኮቱን መረጠ።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድነው? አብዛኛው ካሜራ ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክት አንድ ላይ የተሳለባት ቁልፍ አለች። ብዙ ሰው ካሜራውን ሸጦ እስኪገላገል ድረስ አይነካትም። የዚህ ጽሑፍ ጀግና ግን እሷ ናት። ወደ መደመር 1 ካስገባችኋት ካሜራው ከለካው ብርሃን እጥፉን ያስገባል። 2 ካላችሁ አራት እጥፍ። ወደ መቀነስ 1 ካላችሁ በግማሽ። እንግዲህ መስኮት ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ከ1 ተኩል እስከ 2 መደመር ይፈልጋል ማለት ነው። (ካሜራችሁ በአረንጓዴው ሙሉ አውቶማቲክ ላይ ካለ ቁልፏ አትታዘዛችሁ ይሆናል። ወደ «ፒ» አዙሩት።) ያኔ መስኮቱ ይቃጠላል፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ይቃጠል! ባሕር ዛፉ ነገም እዚያው ነው።

ከቁልፏም የሚቀል ነገር አለ፤ ሰውየውን ማዞር። ረከቦቱን ግማሽ ሜትር ገፋ አድርጋችሁ ቡና አፍይዋ ፊታቸው ወደ መስኮቱ እንዲዞር፣ እናንተ ደግሞ ከመስኮቱ ጎን ግድግዳውን ተደግፋችሁ ቁሙ። በቃ። ያ ጠላታችሁ የነበረ ብርሃን ከአንድ ጎን ገብቶ ግንባራቸውን፣ ጉንጫቸውን፣ የእጃቸውን ጅማት እየዳሰሰ ይወርዳል። የለበሱት ነጠላ ደግሞ በሌላው ጎን ያለውን ጥላ ያለሰልሰዋል። የድሮ ፎቶ ቤት ባለሙያዎች «አገጭ ቀና፣ ፊት ወደ መብራቱ…» እያሉ አንገታችንን የሚያጣምሙት ለጉራ አልነበረም።

ሚያዝያና ሙሽሮቹ

አሁን ደግሞ ከቤት እንውጣ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ከፍታዋም ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ጠራራው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ጥላውም በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ፀሐይ ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ትክክል አናታችን ላይ ትቆማለች። አንዱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ደመናው ይሸፍንልናል። ሌላው መቼ ይመስላችኋል? ሚያዝያ መጀመሪያ!

ሚያዝያ እንግዲህ ፋሲካ አልፎ ሰርግ የሚዘንብበት ወር ነው። ሙሽሮቹ ከቤት ወጥተው፣ አጀቡ ተሰብስቦ፣ ጥሩምባው እየተነፋ ለፎቶ መናፈሻ የሚደርሱት ስንት ሰዓት ነው? ከ6 እስከ 8! በሚያዝያ ፀሐይ አናት ላይ የምትሆነው ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ማለትም ከዓመቱ ሁሉ ለፊት ፎቶ የከፋውን ሰዓት መርጠን፣ በዕድሜ አንዴ የምንነሳውን ፎቶ እንነሳለን። ለአልበሙ የሚከፈለውን ሳስብ ይገርመኛል።

ውጤቱን ታውቁታላችሁ። የዓይን ጉድጓድ ጥቁር፣ ከአፍንጫ ሥር የጥላ ጺም፣ ግንባር ላይ የሚያብለጨልጭ ላብ። በዚያ ላይ ሙሽሪት ነጭ ቬሎ፣ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ፣ የሁለቱ ፊት ደግሞ መሐል ላይ። ካሜራው ምን ያድርግ? ለቬሎው ቢያደላ ፊታቸው ይጨልማል፣ ለፊታቸው ቢያደላ የቬሎው ጥልፍና ዳንቴል ተቃጥሎ አንሶላ ይሆናል።

እዚህ ላይ ከፊልም ዘመን ያልወጡ ሰዎች የሚሳሳቱት ነገር አለ። የድሮው ባለ ኔጌቲቭ ፊልም ብርሃን ቢበዛበት ይቅር ባይ ነበር፤ የሚቀየመው ሲያንሰው ነው። ዲጂታል ተገላቢጦሽ ነው። ጥላ ውስጥ ያለውን ኋላ ጎትታችሁ ልታወጡት ትችላላችሁ፤ አንዴ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ቦታ ግን ውስጡ ምንም የለም፣ ጠበል ብትረጩት አይመለስም። ስለዚህ በጠራራ ፀሐይ ቬሎን አድኑ፤ ከ3 አንድ ወይም ከ3 ሁለት ያህል ቀንሱና አንሱ፣ ፊቱን ኋላ ታወጡታላችሁ። መስኮቱ ይቃጠል ያልኩት ሰውዬ ቬሎው አይቃጠል ማለቴ እንዳይገርማችሁ። መስኮቱ የማንም አይደለም፤ ቬሎው ግን የሙሽሪት ነው።

ለዚህ ደግሞ «ሮው» የሚባለውን አሠራር ተጠቀሙ። «ጄፔግ» ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ይዞ የቀረውን ይጥላል። «ሮው» እንደ ካሜራው 4,096 ወይም 16,384 ደረጃ ይይዛል። ፋይሉ ትልቅ ነው፣ ካርዱ ቶሎ ይሞላል። ምን አለበት? በ36 ፎቶ ፊልም ሰርግ ያነሱ አባቶች አሉ!

ከሁሉ በፊት ግን ጥላ ፈልጉ። ዛፍ ሥር አላልኩም፤ ቅጠል በቅጠል የሚገባው ፀሐይ ሙሽሮቹን ነብር ያስመስላቸዋል። የሕንፃ ጥላ፣ ሰፊ በረንዳ፣ የአጥር ግንብ ጥግ ይሻላል። ጥላው ከሚያልቅበት ጠርዝ ገባ ብለው ፊታቸውን ወደ ክፍቱ ሰማይ ያዙሩ። መሬቱ ምን ዓይነት እንደሆነም እዩ፤ ለምለም ሣር ከሥር አረንጓዴ ብርሃን ይረጫል፣ ነጭ ቬሎ ላይ ጎልቶ ይታወቃል። ነጣ ያለ ንጣፍ ግን ያለ ክፍያ የሚሠራ መብራት ነው። ጥላ ከጠፋ አንዱ ሚዜ ነጭ ካርቶን ወይም ነጭ ጃንጥላ ይዞ ከደረት በታች ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልስ።

ፍላሽስ? በጠራራ ፀሐይ ፍላሽ የሚያበራ ሰው ሲያዩ ሰርገኞቹ «ይኼ ልጅ መብራት አልጠፋ!» ብለው ይስቃሉ። ይሳቁ። ፍላሹ የሚሠራው ለዚያ የዓይን ጉድጓድ ነው። ብቻ ካሜራው ላይ ያለችው ትንሿ ፍላሽ በዚያ ፀሐይ አቅሟ ከአንድ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም፤ ጠጋ በሉ። ሃያ ሰው አሰልፎ በእሷ መተማመን ፋራነት ነው።

ሌላም መፍትሔ አለ፤ ገንዘብ ሳይሆን ወኔ የሚጠይቅ። ፎቶ አንሺው ከሰርጉ በፊት ለሙሽሮቹ «የሁለታችሁን ፎቶ 11 ሰዓት ላይ ግማሽ ሰዓት ስጡኝ» ይበል። ምሳው ይበላ፣ ጭፈራው ይጨፈር፣ ከ11 እስከ 12 ከሩብ ባለው ጊዜ ሁለቱ ብቻ ሹልክ ይበሉ። ያኔ ፀሐይ ዝቅ ብላ ወርቅ ታፈስላችኋለች። ግን አትዘግዩ። በእኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ምሽቱ እንደ አውሮፓ አያመነታም፤ ከጠለቀች በኋላ ያለው ወገግታ ሃያ ደቂቃ ቢቆይ ነው።

«አብረን ስንነሳ የምታየው ጥርሴ ብቻ ነው!»

ይህን ያለችኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ጓደኛዋ ቀይ ናት፣ እሷ ጠይም ሳይሆን ጥቁር። በተነሱ ቁጥር ጓደኛዋ ታምራለች፣ እሷ ትጠፋለች። «እኔ ነኝ ወይስ ካሜራው?» ነው ጥያቄዋ።

ካሜራው ነው፤ ታሪክም አለው። ኮዳክ ኩባንያ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት፤ ስሟን ወስዶ «ሸርሊ ካርድ» ተባለ። የሷ ቆዳ ካማረ ቀለሙ ትክክል ነው ይባላል፣ የሌላው ቆዳ እንደምንም ይሁን። ካናዳዊቷ ተመራማሪ ሎርና ሮት በ2009 ባሳተሙት ጥናት እንደገለጹት፣ ኮዳክን ፊልሙ ጥቁርና ቡናማን ለይቶ እንዲያሳይ ከገፋፉት መካከል ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። አያችሁልኝ? የቸኮሌቱ አቤቱታ ከሰው ቆዳ ይልቅ ተሰማ! ከዲጂታሉ ዘመንም ወዲህ ነገሩ ቶሎ አልተስተካከለም፤ ጉግል ኩባንያ ጥቁር ቆዳን በትክክል ያሳያል ያለውን አሠራር «ፒክስል 6» በሚባለው ስልኩ ያወጣው በ2021 ነው።

ስለዚህ እህቴ፣ ሁለታችሁ ስትነሱ መብራቱ ወይም መስኮቱ ባለበት በኩል አንቺ ቁሚ፣ ጓደኛሽ ከወዲያ ትሁን። ካሜራው ወይም ስልኩ ብርሃኑን በአንቺ ፊት ይለካ። ስልክ ከሆነ እስክሪኑ ላይ ፊትሽን ነካ ማድረግ ነው፤ በብዙዎቹ ስልኮች ላይ የምትመጣውን ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወደ ላይና ወደ ታች እየጎተቱ ማስተካከል ይቻላል። አዳዲስ ካሜራዎችም ፊት ለይቶ የመለካት አሠራር አላቸው፤ መብራቱን ያየ አይደለም፣ ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ያበራው ነው የሚጠቀምበት።

ብቻሽን ስትነሺ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ፊትሽ ፎቶውን ከሞላው ያ ግራጫ ወዳድ መለኪያ «ጨለመ!» ብሎ ያበዛዋል፣ ቆዳሽም አመድ የነፋበት ይመስላል። ከ3 ሁለት ያህል ቀንሺ። ጥቁር ቆዳ የሚያምረው ብርሃኑ ከጎን መጥቶ ሲያንሸራትትበት እንጂ በኃይል ሲነጣ አይደለም። ፊት አንጭ የሆኑትን የስልክ ፕሮግራሞች ነገር ተዉኝ፤ አንድ ጓደኛዬ የገዛ እህቱን በፎቶ አላወቃትም።

ድንኳኑ ሰማያዊ፣ ዲጄው ሐምራዊ

የሰፈር ሰርግ ድንኳን ውስጥ ነው። ሸራው ሰማያዊ ወይም ቢጫ ነው። ፀሐይ በሸራው አልፋ ስትገባ ሁሉም ሰው፣ ጠላውም፣ እንጀራውም ሸራውን ይመስላል። ዓይናችን ይለምደዋል፣ ካሜራው አይለምደውም። የሰማያዊ ድንኳን ሙሽራ የታመመ ይመስላል።

እዚህ ላይ የሚያስፈልገው «ዋይት ባላንስ» የሚባለው ነው፤ ለካሜራው ነጩ የትኛው እንደሆነ መንገር ማለት ነው። ብርሃን ቀለም አለው፤ የሚለካውም በኬልቪን ነው። የጧፍ ብርሃን ወደ 1,900 ገደማ፣ የድሮው አምፖል 2,700፣ የቀትር ፀሐይ 5,500፣ ጥላ ደግሞ 7,000ና ከዚያ በላይ ይሆናል። ቁጥሩ ሲያንስ ወደ ቀይና ቢጫ፣ ሲጨምር ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ካሜራው ላይ ያሉት የአምፖል፣ የፀሐይ፣ የደመናና የጥላ ምልክቶች ለዚህ ናቸው። ለድንኳን ግን አንዳቸውም አይሆኑም። ድንኳኑ ውስጥ ነጭ ወረቀት ሙሽሮቹ በሚቀመጡበት ቦታ አስይዛችሁ አንሱና በካሜራው ቅንብር «ነጭ ይኼ ነው» በሉት። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ነጠላ አይሆንም ወይ ያላችሁኝ እንደሆነ ይሆናል፣ ግን አንዳንዱ ነጠላ ሰማያዊ ማንጫ ስለሚነካው ወረቀቱ ይሻላል።

አዳራሽ ውስጥ ያለው ጉድ ሌላ ነው። የዲጄው መብራት ሐምራዊ፣ የቪዲዮ ቀራጩ መብራት ነጭ፣ የጣሪያው ቢጫ። ሐምራዊው ፊት ላይ ሲያርፍ ማንም አያስተካክለውም፤ እስኪያልፍ ጠብቁ፣ ወይም ለኬክ ቆረጣው ያህል እንዲያጠፋው ዲጄውን ለምኑት። ሌላው የሚያናድደው ደግሞ ተከታትላችሁ ያነሳችኋቸው ሦስት ፎቶዎች አንዱ ብሩህ፣ አንዱ ጨለማ፣ አንዱ ግማሹ ላይ ጥቁር ጥብጣብ ያለበት ሲሆን ነው። ካሜራው አልተበላሸም! የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ለዓይን አይታይም፣ ለፈጣን ሻተር ግን ይታያል። ሻተሩን 1/100ኛ ወይም 1/50ኛ ሰከንድ ላይ አድርጉት፣ ይጠፋል። እስክስታ በ1/100ኛ ትከሻውን እንደሚያደበዝዘው አውቃለሁ። ይደብዝዝ፣ እስክስታ ነው። ብቻ ፊቱ ቀጥ ያለበትን ቅጽበት ጠብቁ።

ፍላሽ ካላችሁ ግንባር ላይ አትተኩሱ። አንገቱ የሚዞር ከሆነ ወደ ነጭ ጣሪያ አዙራችሁ ብርሃኑ ተመልሶ ይውረድ። ጣሪያው ቀለም ያለው ጨርቅ ከሆነ ግን ያው የድንኳኑ ጣጣ ነው።

ጧፍና ደመራ

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለማንሳት መጀመሪያ አስፈቅዱ፤ ፍላሽም አታብሩ። አይኤስኦውን ወደ 1,600 ወይም 3,200 ከፍ አድርጉ፣ ዓምዱን ተደገፉ፣ ትንፋሻችሁን ያዙና 1/60ኛ ላይ አንሱ። ፎቶው ጥቂት አሸዋ የተነዛበት ሊመስል ይችላል። አሸዋ ያለበት ፎቶ ይታያል፤ የተንቀሳቀሰ ፎቶ ግን አይታይም። ዋይት ባላንሱን ደግሞ አታስተካክሉት፤ ጧፍ ቢጫ ነው፣ ቢጫነቱ ነው ውበቱ።

መስከረም 16 ደመራው ሲለኮስ ካሜራው ሌላ ስሕተት ይሠራል። ጨለማው ስለሚበዛበት ያበራዋል፣ እሳቱም ነጭ ኳስ ይሆናል። ወደ መቀነስ 1 አድርጉ፤ ነበልባሉ ቅርጽ ያወጣል። ከዚያ ደግሞ ጀርባችሁን ለደመራው ስጡ! ሁሉም ሰው እሳቱን ሲያነሳ ከኋላችሁ በእሳቱ ብርሃን የተለበጡ መቶ ፊቶች አሉ።

የካሜራውን እስክሪን ግን አትመኑት። በጨለማ ደማቅ ይመስላል፣ ቤት ስትገቡ ፎቶው ጨልሞ ታገኙታላችሁ። በፀሐይ ደግሞ ጭልም ስለሚል ሳታስቡት ብርሃን ታበዛላችሁ። ሂስቶግራም የሚባለው የተራራ ሥዕል አይዋሽም፤ ተራራው ቀኝ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ነጩ ተቃጥሏል ማለት ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። አርባዎቹ ፎቶዎች በጄፔግ ስለተነሱ ብዙ ተስፋ አልነበረኝም። ቢሆንም ኮምፒዩተር ላይ ከፍተን አንድ በአንድ ጥላውን ወደ ላይ መጎተት ጀመርን። ፊታቸው ሲወጣ የእህል ወንፊት ይመስላል፤ ዓይናቸው ያለበት ቦታ ላይ አረንጓዴና ቀይ ነጥብ ብቻ። አሥር አየን፣ ሃያ አየን። ልጁ «ተወው በቃ» ማለት ጀመረ።

31ኛዋ ላይ አያትየው ካሜራውን አላዩም። ደጅ ያለ ልጅ ይሁን ዶሮ እንጃ፣ «እሽ!» ሊሉ ነው መሰል ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ዞር አድርገዋል። ልጁ እሷን ገና ያኔ «አላየችኝም» ብሎ ዘሏት ነበር። ብርሃኑ ግን አግኝቷቸዋል። ግማሽ ፊት፤ ግንባራቸው፣ አፍንጫቸው፣ ነጠላቸው ጉንጫቸውን የነካበት ቦታ፣ ጀበናው ላይ ያለ አውራ ጣት። የቀረው ጥቁር ነው፣ ጥቁር ይሁን ብለን ተውነው።

ለእናቱ በስልክ ላከላት። ወዲያው ደወለች። እኔ ድምጿን አልሰማሁም፤ እሱ ግን «አዎ… አዎ፣ የኔ ናት፣ እኔ ነኝ ያነሳኋት…» ሲል ነበር። ስልኩን ዘግቶ ትንሽ ዝም አለና ለሙት ዓመቱ የማያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የሚያትም ፎቶ ቤት የት እንዳለ ጠየቀኝ።